ለውሻ የሚሰጥ ጉርሻና ጥቅሙ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት የሚነገረው ስለ ሰው እንጂ ስለ ውሻ አይደለም። ጥቅም ካገኘበት ወገን ቆሞ የሚሟገተውን ሰው ነካ ለማድረግ ሲፈለግ ይጠቀሳል፤ ተናጋሪውም አድማጩም ውሻውን ራሱን ሳያስቡት ያልፋሉ። ተረቱን ከሰው ላይ አንሥተን ለባለቤቱ ለውሻው ብንመልስለት ግን በውስጡ እውነተኛ ጥያቄ እናገኝበታለን። ውሻ ከሰው እጅ የተቀበላትን ትንሽ ነገር ይህን ያህል የሚወዳት ስለ ምንድን ነው? ሆዱን የማትሞላው ቍራሽ ልቡን የምትይዘው በምን ኀይል ነው? ደግሞስ ለራሱ ለውሻው ምን ትጠቅመዋለች? ነገሩ ቀላል ቢመስልም፥ ብዙ ሊቃውንት የደከሙበት ከመሆኑም በላይ፥ ወደ መጨረሻው እንደሚታየው የሰውን ጤንነት እስከ መንካት የሚደርስ ጉዳይ ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ሥራዬ ቃላትን ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ማሻገር ስለ ሆነ፥ አንባቢ ይህን ልማዴን ይቅር ይበለኝ። የኤውሮፓ ሰዎች ከዘወትር ምግቡ ውጭ ለውሻ በእጅ የሚሰጠውን ትንሽ ምግብ የሚጠሩበት የተለየ ቃል አላቸው። በእኛ ዘንድ ግን ውሻ የሚበላው ፍርፋሪ ነው፤ ደኅና ጌታ ያለው እንደ ሆነም ቀለብ ይቈረጥለታል። ሁለቱም ለተፈለገው ነገር አይስማሙም። ፍርፋሪ ሰው ያልፈለገው ነው፤ ቀለብም በመስፈሪያ የሚሰጥ የዕለት ግዴታ ነው። ብዙ ካሰብሁ በኋላ «ጉርሻ» ከሚለው ቃል የተሻለ አላገኘሁም። ጉርሻ የሚሰጠው በእጅ ነውና፤ የጐረሰውም ሰው ጠገብሁ አይልም፥ ተወደድሁ ይላል እንጂ። ይህን የከበረ ቃል ለውሻ በማዋሌ ቅር የሚለው አንባቢ ቢኖር፥ የተሻለውን ቃል ቢልክልኝ በደስታ እቀበለዋለሁ።

ውሻ ምግብን የሚያውቀው ከአፉ ይልቅ በአፍንጫው ነው። በሰው አፍንጫ ውስጥ ሽታን የሚቀበሉት ሕዋሳት 5 ወይም 6 ሚሊዮን ገደማ ሲሆኑ፥ በአንዳንድ የውሻ ዘሮች ግን እስከ 300 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ይገመታል። ምላሱ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በሰው ምላስ ላይ ጣዕምን የሚለዩት እንቡጦች 9,000 ያህል ሲሆኑ የውሻው 1,700 ገደማ ናቸው። ስለዚህ ሰው ምግቡን እያላመጠ ጣዕሙን ሲመረምር ውሻ ሳያላምጥ ይውጠዋል፤ ምርመራውን ገና ከሩቅ ሳለ በአፍንጫው ጨርሶታልና። የሥጋና የስብ ሽታ ከሁሉ ይልቅ ይስበዋል። ጣፋጭ ነገርንም ያውቃል፤ በዚህም ከድመት ይለያል። ድመት ጣፋጭን የምትለይበት የምላስ ክፍል የማይሠራ ሆኖ የምትፈጠር መሆንዋን ሊቃውንት በ2005 ዓ. ም. ገልጠዋል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ከረሜላ ለድመት ጠጠር ነው፤ ለውሻ ግን ከረሜላ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከዘር የመጣ ነው። ውሻ የተገኘው ከተኵላ ነው። ተኵላ ዛሬ ቢያገኝ ነገ የማያገኝ አዳኝ ስለ ሆነ፥ ያገኘውን ሁሉ ፈጥኖ መዋጥ የሕይወቱ ሕግ ነው፤ ውሻም ይህን ሕግ ቀለብ በተቈረጠለት ቤት ውስጥ እንኳ አልረሳውም። ከዚያ ወዲያ ግን የውሻ ሆድ ከተኵላ ሆድ ተለየ። በስዊድን አገር የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የሁለቱን ዘር መርምረው በ2013 ዓ. ም. እንዳስታወቁት፥ የእህል ምግብን ለመፍጨት የሚረዳውን ንጥረ ነገር የሚያሠራው ጂን በተኵላ 2 ቅጂ ብቻ ሲኖረው፥ በውሻ ግን ከ4 እስከ 30 ቅጂ ተገኝቶለታል። በኋላ በተደረገው ምርመራም ከገበሬ ሕዝብ ጋራ የኖሩት ውሾች ቅጂው የበዛላቸው፥ በበረዶ አገር ከአዳኞች ጋራ የኖሩት ግን ያነሰላቸው መሆኑ ታውቋል። ውሻ በሰው ጓሮ ሲኖር የሰውን እህል መብላት የተማረው በአፉ ብቻ ሳይሆን በደሙም ጭምር ነው ማለት ነው። ቍራሽ እንጀራ ስንሰጠው ጅራቱን የሚቈላው ለይሉኝታ አይደለም።

ስለ ውሻና ስለ ጉርሻ ሲነገር የሩሲያው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ ሳይነሣ አይቀርም። ፓቭሎቭ ሥራውን የጀመረው የውሻን ጠባይ ለማወቅ ብሎ አልነበረም። የሚመረምረው ምግብ በሆድ ውስጥ የሚፈጭበትን መንገድ ነበር፤ ለዚሁም ድካሙ በ1904 ዓ. ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ነገር ግን በሴንት ፒተርስበርግ በነበረው የምርመራ ቤቱ ውስጥ ውሾቹ ምግቡ አፋቸው ሳይገባ፥ ምግብ የሚያመጣላቸውን ሰው ገና ሲያዩ ምራቃቸው ይወርድ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ሥራዬን አበላሹብኝ ብሎ በተቈጣ ነበር። እርሱ ግን ያበላሸበትን ነገር ራሱን ሥራው አደረገው። ምግብ ከመስጠቱ በፊት ሜትሮኖም የሚባለውን የሙዚቃ ሰዎች ጊዜ የሚለኩበትን መሣሪያ ቀጭ ቀጭ እያሰኘ፥ ይህንንም እየደጋገመ ቢሄድ፥ በመጨረሻ ድምፁ ብቻውን የውሾቹን ምራቅ የሚያወርድ ሆኖ ተገኘ።

ከእርሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ወደ አንጐል ገቡ። በ1990ዎቹ ዓመታት ቮልፍራም ሹልትስ የተባለው ሊቅ በጦጣዎች ላይ ባደረገው ምርመራ፥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩት የአንጐል ሕዋሳት መጀመሪያ የሚነቃቁት ጣፋጩ መጠጥ ሲደርስ ሲሆን፥ ጦጣው ምልክቱን ከለመደ በኋላ ግን የሚነቃቁት በምልክቱ ጊዜ መሆኑን አስረዳ። ተጠብቆ የቀረ ጉርሻ ደግሞ ሕዋሳቱን ዝም ያሰኛቸዋል። ስለዚህ የጉርሻ ደስታ ግማሹ ያለው በተስፋው ውስጥ ነው። እጃችን ወደ ኪሳችን ሲገባ የሚዘለው ውሻ ገና ምንም አልበላም፤ ደስታው ግን ጀምሯል።

ጥቅሙን በተመለከተ፥ ብዙ ሰው ጉርሻ ውሻን ያሞላቅቃል ይላል። ያለ ሥርዐት ቢሰጥ እውነት ነው። በሥርዐት ከተሰጠ ግን ምግብ መሆኑ ቀርቶ ንግግር ይሆናል። ውሻ አማርኛ አያውቅም፤ ትግርኛም ጣሊያንኛም አያውቅም፤ «ደግ አድርገሃል፥ ይህንኑ ድገመው» የሚለውን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተውለው አፉ ውስጥ በሚገባው ነገር ነው። ንግግር ከሆነ ዘንድ ጊዜውን መጠበቅ አለበት። ውሻው ተቀመጥ ተብሎ በተቀመጠ በአንድ ወይም በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ካልጐረሰ፥ ስለ ምን እንደ ተሸለመ አይገባውም። ጌታው ኪሱን ሲበረብር ውሻው ተነሥቶ ቢዘል፥ ጉርሻውም ያን ጊዜ ቢደርስ፥ የተሸለመው መቀመጡ ሳይሆን መዝለሉ ነው። ከዚያ በኋላ ጌታው «ይህ ውሻ ደንቈሮ ነው» ይላል፤ ውሻው ግን የተነገረውን በትክክል ሰምቶአል። ትምህርቱ ከያዘለት በኋላ ጉርሻው አንዳንድ ጊዜ እየተሰጠ አንዳንድ ጊዜ እየቀረ ሲሄድ፥ የተማረው ነገር ይበልጥ ይጸናል። ሎተሪ የሚቈርጥ ሰው ይህን ያለ ማስረጃ ይረዳዋል። መጠኑም ትልቅ መሆን አያስፈልገውም፤ የአተር ፍሬ የምታህል ቍራሽ ትበቃለች።

ጉርሻ ከማስተማር ሌላ ፍርሃትን ያርቃል። በአገራችን ያሉትን ውሾች ያስተዋለ ሰው እንደሚያውቀው፥ ሰው ወደ መሬት ጐንበስ ሲል ውሻው ይሸሻል። ጐንበስ ያለው ሰው ጫማውን ለማሰር ይሁን ወይም የወደቀ ሳንቲም ለማንሣት ውሻው አይጠይቅም፤ ድንጋይ እንደሚከተል ከቡችላነቱ ጀምሮ ተምሮአል። ይህም የፓቭሎቭ ትምህርት ተገላቢጦሽ ነው። በቤቴ የነበረው ዘበኛ ውሻ እንደዚሁ ነበረ። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ላስወጋው በፈለግሁ ጊዜ፥ በገመድ ሊይዙት ከሞከሩት ሁለት ጐልማሶች አንደኛው ሸሚዙ ተቀዶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ነገሩን በእጅዋ ያደረገችው የእኅቴ ልጅ ናት። በየማታው ደረቅ ዳቦ በኪስዋ ይዛ ከሩቅ ትቀመጥና፥ ጐንበስ እያለች ቍራሹን መሬት ላይ ታስቀምጥለት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት እርስዋ ካልሄደች አይቀርብም። በሦስተኛው ሳምንት ጐንበስ ስትል ወደ እርስዋ መሮጥ ጀመረ። በአምስተኛው ሳምንት አንገቱን እየዳሰሰች የኋላ እግሩን ቈንጠጥ ብታደርገው ዝም ይል ነበር፤ የእንስሳት ሐኪሙ መርፌውን ሲወጋውም እርሱ ዳቦውን ይቈረጥም ነበር። ዳቦው ከእኔ ቤት ከመሆኑ በቀር እኔ በዚህ ነገር አንዳች ድርሻ አልነበረኝም።

ይህ የቤት ጨዋታ ብቻ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን እንደሚገድል ይገመታል፤ የሚበዙትም በእስያና በአፍሪቃ የሚኖሩ ናቸው። በሽታው አለባቸው ተብለው በሚጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት ሰዎች ከመቶ 40 የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ በሽተኛው ይድናል ማለት ዘበት ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70ዎቹ ቢከተቡ የበሽታው መተላለፍ ሊቋረጥ እንደሚችል የዓለም የጤና ድርጅት ያስረዳል። ሰባዎቹ ይከተቡ ዘንድ ግን መጀመሪያ መያዝ አለባቸው፤ ይያዙም ዘንድ የሰው እጅ ድንጋይ ብቻ ሳይሆን ዳቦም እንደሚይዝ ማወቅ አለባቸው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ውሻው የሚወደው ጉርሻውን ነው ወይስ አጉራሹን? በአሜሪካ በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ግሬጎሪ በርንስ የተባለው ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋራ ሆኖ፥ ውሾች ሳይታሰሩና ማደንዘዣ ሳይወጉ በመመርመሪያ መሣሪያ ውስጥ ጸጥ ብለው እንዲተኙ አስተምሮ የአንጐላቸውን ሥራ በ2012 ዓ. ም. ለመመልከት ቻለ። በ2016 ዓ. ም. ባወጡት ሌላ ምርመራ ደግሞ 15 ውሾች አንዱን ምልክት ሲያዩ ምግብ፥ ሌላውን ምልክት ሲያዩ የጌታቸውን ምስጋና እንዲያገኙ ተደረገ። ከሚበዙት ዘንድ ምስጋናው የአንጐላቸውን የደስታ ክፍል ከምግቡ እኩል ወይም ይበልጥ አነቃቃው፤ ምግቡን ያስቀደሙት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ከላይ የጠቀስነው ተረት በውሻው ላይ ትንሽ በደል ሳይፈጽም አልቀረም።

ሆዳም ውሻ የለም ማለቴ ግን አይደለም። ላብራዶር የሚባለው የእንግሊዞች ውሻ በዚህ የታወቀ ነው። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2016 ዓ. ም. እንደ ገለጡት፥ ከላብራዶሮች አንድ አራተኛ በሚሆኑት ዘንድ ጥጋብን ለአንጐል የሚያስታውቀው ጂን ጐደሎ ሆኖ ይገኛል፤ እነዚህም በልተው አይጠግቡም። የሚያስደንቀው፥ አካለ ስንኩላንን ለመርዳት ከተመረጡት ላብራዶሮች መካከል ይህ ጕድለት ያለባቸው እጅግ የበዙ መሆናቸው ነው። ለጉርሻ የሚጓጓ ውሻ ለማስተማር ስለሚቀል፥ አሠልጣኞቹ ሳያውቁት ሆዳሞቹን ሲመርጡ ኖረዋል ተብሎ ይገመታል። ይሁን እንጂ ሆዳምነት ዕዳ አለበት። በ2002 ዓ. ም. በታተመ ጥናት 48 ላብራዶሮች ከቡችላነታቸው እስከ ሞታቸው ተጠብቀው፥ ምግባቸው በሩብ የተቀነሰባቸው በአማካይ እስከ 13 ዓመት ሲኖሩ ያልተቀነሰላቸው ግን ከ11 ዓመት ብዙም አላለፉም። የእንስሳት ሐኪሞችም የዕለቱ ጉርሻ ከዕለቱ ምግብ ከአንድ አሥረኛ እንዳይበልጥ የሚመክሩት ስለዚህ ነው።

የጉርሻው ዓይነትም ሊታሰብበት ይገባል። ሰውን የማይጐዳው ሁሉ ውሻን አይጐዳም ማለት ስሕተት ነው። ቸኮላታ የውሻ ሰውነት ቶሎ ሊያስወግደው የማይችል መርዝ አለበት። ዘቢብና ወይን ኵላሊቱን ያበላሹታል፤ ዚሊቶል የሚባለው በስኳር አልባ ማስቲካ ውስጥ የሚገባው ማጣፈጫም የደሙን ስኳር በድንገት ያወርደዋል። በእኛ ቤቶች ዘንድ ግን ይልቁን የሚያሰጋው ወጡ ነው። ቀይ ሽንኵርትና ነጭ ሽንኵርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ፤ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኵርት አይሠራም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ሲሰበር እንደ መርፌ እየሾለ አንጀት ይበሳል። ወጥ ያልነካው እንጀራ፥ ዳቦ፥ የተቀቀለ ሥጋ፥ ካሮት ከእነዚህ ሁሉ ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ ልናገርበት የፈለግሁት በበዓል ቀን የሚሰጠውን ጉርሻ ነው። በፋሲካም ሆነ በዒድ በየጓሮው በግ ይታረዳል። ሆድ ዕቃው ሲወጣ በሳንባው ወይም በጕበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት የሚመስል ነገር የታየ እንደ ሆነ፥ አራጁ «ይህስ አይበላም» ብሎ ቈርጦ ለውሻ ይወረውራል። ሥራው ንጽሕናን የመጠበቅ ይመስላል። ዳሩ ግን በዚያ ከረጢት ውስጥ ኤኪኖኮከስ የሚባል ትል በእንጭጭነቱ ይኖራል። ውሻው ከበላው በኋላ ትሉ በአንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ ቁመቱ ከጥቂት ሚሊሜትር የማያልፍ የኮሶ ትል ዘመድ ነው፤ ውሻውንም የታመመ አያስመስለውም። ዕንቍላሉ ግን ከውሻው ዓይነ ምድር ጋራ እየወጣ በሣር፥ በውሃና በውሻው ፀጕር ላይ ይቀራል። በግ ሣሩን ሲግጥ ይወስደዋል፤ ልጅም ውሻውን ዳስሶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ በልጁ ጕበት ወይም ሳንባ ውስጥ ያው ከረጢት ይበቅላል፤ ዝግ ብሎ ስለሚያድግም ሕመሙ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከዓመታት በኋላ ነው፤ የሚበዛውም ቀዶ ሕክምናን ይጠይቃል። ሰንሰለቱ የሚበጠስበት ቦታ አራጁ ቢላዋ ይዞ በቆመበት ስፍራ ነው። እንዲህ ያለውን ሆድ ዕቃ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጕድጓድ መቅበር ወይም ማቃጠል ይገባል፤ ለውሻው የሚሰጠውም በሚገባ የተቀቀለ ይሁን። ውሻውም በየጊዜው ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል መድኃኒት ቢውጥ ይነጻል፤ ኪኒኑን በቍራጭ ሥጋ ሸሽገው ቢሰጡት ሳያላምጥ የመዋጥ ልማዱ ያን ጊዜ ለጥቅም ይውላል።

መርዝም በሥጋ ይሸሸጋል። ልጅ ሳለሁ በአንድ ከተማ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለማጥፋት ተብሎ ስትሪክኒን የተለወሰ ሥጋ በሌሊት በየመንገዱ ይጣል ነበር። መርዙ ባለቤት ያለውንና የሌለውን አይለይም። የቤታችን ውሻ ማንም የሰጠውን የሚጐርስ የዋህ ስለ ነበረ ማለዳ በደጃፋችን ደርቆ ተገኘ፤ አባቴም ከዚያ ወዲያ ከሌላ ሰው እጅ የሚቀበል ውሻ በቤቱ አላሳደገም። ነገሩ ጭካኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለከተማ ጤንነት የግድ ነው ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። ግን የታሰበውን እንኳ አያደርግም። በኢንዶኔዥያ በባሊ ደሴት የእብድ ውሻ በሽታ በ2008 ዓ. ም. በገባ ጊዜ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ውሾች ተገደሉ፤ በሽታው ግን ደሴቲቱን ሁሉ አዳረሰ። ከተገደሉት መካከል የተከተቡ ነበሩባቸው፤ ባዶ የቀረውንም ስፍራ ከሌላ ቦታ የመጡና አዲስ የተወለዱ ያልተከተቡ ውሾች ሞሉት። በሽታው እየቀነሰ የመጣው ከ2010 ዓ. ም. ጀምሮ በደሴቲቱ ሁሉ ክትባት በተካሄደ ጊዜ ነው።

በኢትዮጵያ በባሌ ተራራዎች ደግሞ ሥጋው ተቃራኒውን ሥራ ሠርቶአል። ከኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር በዓለም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ የተኵላና የውሻ ዘመድ ነው፤ ለአካለ መጠን የደረሱት በቍጥር ከ500 ያንሳሉ። በእረኞች ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በ1991፥ በ2003፥ በ2008ና በ2014 ዓ. ም. በባሌ ገብቶ ፈጅቶአቸዋል። አውሬውን እየያዙ መርፌ መውጋት አድካሚ ስለ ሆነ፥ ሊቃውንቱ ለብዙ ዓመታት ከሞከሩ በኋላ በኦገስት ወር 2018 ዓ. ም. በአፍ የሚሰጠውን ክትባት በፍየል ሥጋ ሸሽገው ማደል ጀመሩ። ክትባቱ ያለው በሥጋው ውስጥ በተደበቀች ትንሽ ከረጢት ነው፤ የሚሠራውም የአፍን ውስጠኛ ቆዳ ሲነካ እንጂ ሆድ ሲገባ አይደለም። ስለዚህ ቀበሮው ከረጢቱን በጥርሱ ማፈንዳት አለበት፤ ሠራተኞቹም ሥጋውን ካስቀመጡ በኋላ የሚጠባበቁት መውሰዱን ብቻ ሳይሆን ማላመጡንም ለማየት ነው።